አኩራፊዋን ማን ቆረጣት

ጭንቀታም ነኝ። ልመካበት አይደለም፤ ቀድሞ መናገሩ ይሻላል ብዬ ነው። ሱቄን ቆልፌ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እስበዋለሁ። ካውያውን ከሶኬት መንቀሌን በዓይኔ አይቼ አላምንም፤ በእጄም መዳበስ አለብኝ። ደንበኛ አዲስ ኮት ለብሶ ሲወጣ ብብቱ ሥር ይተረተርበት ይሆን እያልኩ መንገዱን እስኪሻገር በዓይኔ እሸኘዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ ስሰፋ አንድም ሰው ብብቱ ተተርትሮበት አልተመለሰም። ይህም ቢሆን አላሳረፈኝም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ሰው የሚመጣበት ቀን እየተቃረበ ይመስለኛል።

እትዬ ዛፏን አደራ የሰጠችው እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። በዘጠኝ ዓመት ስለምትበልጠኝ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝም ለእሷ ያው "አንተ ልጅ" ነኝ። የምንኖረው በአንድ ቤት ነው፤ እሷ ፎቅ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት ከስፌት ሱቄ ጀርባ። ዕድሜዋን የጨረሰችው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። ጣቢያው ተዘግቶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሲሆን ከዚያ ይዛ የወጣችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የማይለቅ የወገብ ሕመምና በሸክላ ማሰሮ የተተከለች አንዲት የጃፓን ሜፕል ዛፍ።

ሜፕሏ ቁመቷ እስከ ደረቴ ነው። ዘመዶቿ በየአበባ መሸጫው ሞልተዋል፤ ቀይ ቅጠል ያላቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው። የእትዬ ግን ከድሮዎቹ ወገን ናት። በአንድ ወቅት ትፈለግ ነበር አሉ፤ ኋላ ቀያዮቹ መጡና ተረሳች፣ የሚያባዛትም ጠፋ። ስሟ የተቀረጸባት ቆርቆሮ ግንዷ ላይ ታስራለች፤ ዝገት ስለበላት ከስሙ የቀረው ሦስት ፊደል ነው። ጣቢያው ውስጥ ሦስት እናት ዛፎች ነበሩ። ሁለቱን ግሬደር ጠራርጎ ወሰዳቸው። እትዬ ስልካቸውን የምታውቀውን የድሮ ባልደረቦቿን ሁሉ ጠይቃ ይህ ዓይነት ያለው ሰው አላገኘችም። ስለዚህ በረንዳችን ላይ ያለችው ብትሞት፣ እትዬ እስከምታውቀው ድረስ፣ ዘሯ አበቃ ማለት ነው።

ልዩነቷ በጸደይ ነው የሚታየው። ቅጠሏ ሲፈነዳ ወተት ይመስላል፣ ጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ጣል ይደረግበታል፤ ጅማቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን አረንጓዴ ነው፣ አንድ ሰው በቀጭን እስክሪብቶ ያሰመረው ይመስላል። ሙቀቱ ሲመጣ ተራ አረንጓዴ ትሆናለች። ይህን የማውቀው ከእትዬ አፍ ነው። እኔ ስለ ዛፍ የማውቀው የለም፤ ስለ ጨርቅ ጠይቁኝ። እትዬም ራሷ ያንን ቀለም ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ ዓይኗን ሞራ ሸፈነው። በየጸደዩ ቅጠሉን እየዳበሰች "ዘንድሮስ ነጣች?" ትለኛለች። እኔም መስማት የምትፈልገውን ስለማውቅ አየት አድርጌ "ነጣች እትዬ" እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ለዓይኔ አረንጓዴ ነበረች። ግን ምናልባት አትክልተኞች ነጭ የሚሉት እንዲህ ያለውን ይሆናል፣ ምናልባትም ባለፈው ሳምንት ነጥታ አምልጦኝ ይሆናል እላለሁ። አንዲት ዓይነ ስውር ልትሆን የደረሰች ሴት ደስ ቢላት ምን ይጎዳል?

ቤት ውስጥ የምንጠራት አኩራፊዋ ብለን ነው። ማሰሮዋ ሲቀየር ታኮርፋለች፣ የቧንቧ ውሃ ስትቀምስ ታኮርፋለች፣ ነፋስ ሲመታት ታኮርፋለች። ስታኮርፍ ቅጠሏን ጥቅልል አድርጋ ሳምንት ትቆያለች። እትዬ "የእናታችንን ጠባይ ይዛ ነው" ትላለች፤ እኔ የእሷን የራሷን ነው የምለው፣ በልቤ።

ሐኪሙ "ሞራው ደርሷል፣ ይነሣ" ያላት በሙቀቱ ወራት መግቢያ ነው። ቀዶ ሕክምናው ልጇ በምትኖርበት ከተማ እንዲሆን ተወሰነ፤ መጀመሪያ አንዱ ዓይን፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ዕረፍት፤ በጠቅላላው አንድ ወር ተኩል። እትዬ ስለ ዓይኗ ትንፍሽ አላለችም። ያስጨነቃት የአኩራፊዋ ነገር ነው። ከመሄዷ አንድ ቀን ቀደም ብላ በረንዳው ላይ አቁማ ትእዛዟን እንደ ተማሪ አስደገመችኝ። ውሃ በማለዳ፣ ከቧንቧ ሳይሆን ዝናብ ከተጠራቀመበት በርሜል። ከማጠጣት በፊት ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ እርጥበት ካለ ውሃ የለም። የጠዋት ፀሐይ ይፈቀድላታል፣ የከሰዓቱ አይፈቀድላትም። ማዳበሪያ በጭራሽ። ደረቅ ነፋስ ከመጣ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ሁሉንም ደገምኩላት። በኋላም እንዳልረሳው ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ የደንበኞች የወገብ ልክ ከምጽፍበት አጠገብ፣ በጠመኔ ጻፍኩት።

"የመጨረሻው" አለች፣ "መቀስህን እንዳታስጠጋባት።"

"ምን ቆርጦኝ።"

"አውቅሃለሁ። የተንጠለጠለ ነገር ካየህ እጅህ አያርፍም።"

እውነቷን ነው። የክር መቀሴ በጥብጣብ ታስሮ ከአንገቴ አይወርድም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የቆመ የማላውቀው ሰው ኮሌታ ላይ ክር ተንጠልጥሎ አይቼ ቀጭ አድርጌለት፣ ሰውየው ሌባ መስዬው እስከ ፌርማታው ሲጮህብኝ ሄዷል። ይህን ታሪክ እትዬ ለማንም ሰው ሳትነግር አትቀርም።

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። በሰላም ስል ዛፏ ደህና ነበረች ማለቴ ነው፤ እኔማ ለውሃ ስል ጎህ ሳይቀድ እነሣ ጀመር። ጣቴን አፈር ውስጥ እያስገባሁ "ይህ እርጥበት ነው ወይስ ቅዝቃዜ?" እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ሁለተኛ ጣቴን አስገብቼ አስተያያለሁ። ጥፍሬ ሥር የገባው አፈር ነጭ ሸሚዝ አበላሽቶብኝ አንድ ደንበኛ ተቀይሞኛል። ምሽት ላይ እትዬ ትደውላለች። ሰላምታዋ "አኩራፊዋ እንዴት ናት?" ነው፤ የእኔ ደህንነት ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ሁለት ቀን ሳያቋርጥ ነፈሰና የቅጠሎቿ ጠርዝ ካውያ እንደነካው ጨርቅ ቡናማ ሆነ። ወዲያው ለእትዬ የድሮ ባልደረባ፣ አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ለሚጠብቁት ሽማግሌ አትክልተኛ ደወልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ከነፋስ አሽሻት አሉኝ። ማሰሮዋ እኔን ያህል ትከብዳለች። ጎረቤቴን ኤሌክትሪሻኑን ጠራሁትና ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ ማሰሮዋን ከላዩ አድርገን፣ እየጎተትን ወደ ግድግዳው ጥግ አስጠጋናት። እሱ ወገቡን ይዞ ወረደ። እኔ አንዲት ቅጠል ተሰብራ እንደሆነ ልይ ብዬ በጉልበቴ ተንበረከክሁ።

ከግንዷ ግርጌ፣ ከአንዲት እብጠት ጥግ፣ ክብሪት እንጨት የምታክል ቀጭን ጭራሮ ወጥታ በማሰሮዋ አፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ስንዝር አትሞላም። አምስት ስድስት ቅጠል አላት፤ ከሌሎቹ ያነሱ፣ ጠርዛቸው የተቃጠለ፣ የደከማቸው። ያን ሁሉ የተቆጣጠርኩት እኔ፣ በአፈሩ ላይ ጣቴን ያሟገትኩ እኔ፣ አላሰብኩም። እጄ ብቻዋን ሄደች። ከተሰፋ ልብስ ላይ የተረፈ ክር እንደማነሣ ቀጭ አደረግኋት።

የመቀሱ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ትእዛዙ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብዬ ሳይ ያ ሁሉ ወፍራም ቅርንጫፍ፣ ያ ሁሉ ቅጠል እንዳለ ነው። ለአንዲት ጭራሮ ብዬ ራሴን አላስጨንቅም አልኩ። በሕይወቴ ሳልጨነቅ ያለፍኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። መጣሏ ግን አሳሳኝና ይዣት ወርጄ ልብስ ስተኩስ ውሃ በምረጭበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን አቆምኳት።

ሽማግሌው እንዳሉት በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ መጡ። ደረጃውን በዱላ፣ አንድ አንድ እርከን እያረፉ ወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሰጠኋቸውን ውሃ ግማሹን መሬቱ ጠጣው። በረንዳው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አደረጉና ዛፏን ዞረው አዩ።

"ዛፏ የታለች?" አሉኝ።

"ይቻትና ጋሼ።"

"ይቺን አይደለም የምልህ።"

ቀስ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን ግንዱ ግርጌ ያለችው እብጠት ላይ አሳረፉ። እኔ በየዕለቱ ሳያት የኖርኩት እብጠት ናት። ከዚያ አስረዱኝ። እንዲህ ያሉ ዛፎች በራሳቸው ሥር አይቆሙም፤ ከተራ ሜፕል ግንድ ላይ ይዳቀላሉ። ታችኛው አሳዳጊ ነው፣ ላይኛው ልጅ። እብጠቷ ሁለቱ የተገጣጠሙባት ስፌት ናት። አሳዳጊው ኃይለኛ ስለሆነ አንዳንዴ ከስፌቷ በታች የራሱን ቀንበጥ ያወጣል። እሱ ካልተቆረጠ ልጁን ውጦ ራሱ ዛፍ ይሆናል። "ይህ ሁሉ የምታየው" አሉ ዱላቸውን ከታች እስከ ላይ እያስኬዱ፣ "አሳዳጊው ነው። የትም ያለ ተራ ሜፕል።"

ከእብጠቷ በላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። ዳርና ዳሩ አብጦ፣ እንደ ተቀመቀመ የቁልፍ ቀዳዳ ሊገጥም ተቃርቧል። ልጅዋ የነበረችው እዚህ ላይ ነው አሉ፤ የተቆረጠች በመጋዝ ነው፣ ከተቆረጠች ሦስት ዓመት ይሆናታል። የስም ቆርቆሮዋም ተፈትታ አሳዳጊው ላይ ታስራለች።

ሦስት ዓመት። የእትዬ ዓይን የደከመበት ጊዜ ነው። ሁለት ግንድ ዳብሳ፣ ወፍራሙን ልጅ ቀጭኑን አሳዳጊ መስሏት፣ በገዛ እጇ ቆረጠቻት። ቅጠላቸው በዳበሳ አንድ ነው፣ መለያው ቀለሙ ነው አሉ ሽማግሌው። በጸደይ ነጭ ሆና አለመውጣቷን ያየ ሰው ቢኖር ያኔውኑ ይታወቅ ነበር፤ አሳዳጊው ተቆርጦላት ከጉቶዋ መልሳ ልታቆጠቁጥ ትችል ነበር።

ያየው ሰው እኔ ነኝ። ይህን ግን አልተናገርኩም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንዱ አስጠጉ። ከዚያ ሌላ ነገር አሳዩኝ፤ ከጠባሳው ሥር፣ ግን ከስፌቷ በላይ፣ ገና እርጥብ የሆነች ትንሽ ነጭ ክብ። "እዚህ ጋ አንዲት ቀንበጥ ተርፋ ነበር" አሉ። "የልጅዋ። ይህ ቁርጥ የሁለት ቀን ነው። ማነው የቆረጣት?"

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። ብርጭቆውን እንዳለ ይዤው ስወጣ ውሃው ሸሚዜ ላይ ተደፍቶ ነበር። ሽማግሌው ጭራሮዋን ከውሃው አውጥተው ልጧን በጥፍራቸው ጫር አደረጉ። ከልጧ ሥር አረንጓዴ ነበር። የምላስ ጫፋቸውን አስነኩት።

"ደግሞ የማዳቀያው ወቅት ነው" አሉ። "ልንሞክር እንችላለን። ግን እኔ አይደለሁም የምሠራው።"

የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ከዚያ የእኔን አዩ። ያልታዘዘውን ለመቁረጥ የበቃ እጅ የታዘዘውንም ለመሥራት ይበቃል አሉኝ። አልቀለዱም።

ሥራውን ሱቄ ውስጥ ጀመርነው፣ ስፌት በምተረትርበት አዲስ ምላጭ። እሳቸው በቃል፣ እኔ በእጅ። መጀመሪያ ቅጠሎቹን ቆረጥኩ፤ ቅጠሉን ከጭራሮዋ የሚያያይዙት እጀታዎች ግን እንዳሉ ቀሩ። ጭራሮዋን ለሁለት ከፈልኳት፤ በእያንዳንዷ ላይ ጥንድ ቡቃያ፣ በእያንዳንዱ ቡቃያ ሥር አንድ እጀታ። እግራቸውን እንደ እስክሪብቶ ጫፍ ቀረጽኩ። ከዚያ ፎቅ ወጥተን የአሳዳጊውን ግንድ በግራና በቀኝ ልጡን ሰንጥቄ ከፈትኩ። ልጡ ሥር ፀጉር የምታክል አረንጓዴ መስመር አለች። የሁለቱ መስመር ካልገጠመ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው አሉኝ። ባለ መስመር ጨርቅ ላይ ኪስ ስገጥም እንደምሠራው ነው፤ መስመር ከመስመር፣ በግምት ሳይሆን በትንፋሽ። ትንፋሼን ይዤ ገጠምኩ። በላስቲክ ጠቀለልኳቸው፣ ከላይ ንጹሕ ፌስታል አለበስናቸው። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠብ ነበር።

ሽማግሌው ሲሄዱ ደረጃው ላይ ቆመው አንድ ነገር ነገሩኝ። ሃያ ቀን ፌስታሉ አይነካም። በሃያኛው ቀን የቅጠሏን እጀታ በጥፍር ጫፍ ነካ ማድረግ ነው። ሕይወት ካለ እጀታዋ በቀላሉ ትወድቃለች፤ ዛፉ ራሱ ጨርሶ አሰናብቷታል ማለት ነው። ደርቃ ከተጣበቀች ግን ሞታለች።

"ለእህትህ የምትነግራት አንተ ነህ" አሉኝ ደግሞ። "የድሮውን ጠባሳ አላየሁም ካልክ ግን እኔም አላየሁም።"

ሃያ ቀን ምን እንዳደረግሁ ብትጠይቁኝ ተጨንቄ ከመቀመጥ ሌላ አላስታውስም። ውሃ ከማጠጣት ሌላ ሥራ አልነበረኝም፣ ግን በረንዳው ላይ አርባ ጊዜ እወጣለሁ። ፌስታሉ ውስጡ በላብ ስለሚሸፈን ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የማየው። ነፋስ ሲነሣ ጃንጥላ ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። ኤሌክትሪሻኑ ከታች አይቶኝ "ዝናብ አለ እንዴ?" ብሎ ጠይቆኛል። ለሠርግ የታዘዘ ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ሰፋሁ። በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

በዘጠነኛው ቀን የግራዋ ጠቆረች። በፌስታሉም ውስጥ ይታያል፤ ጭራሮዋ ከል ለብሳለች፣ እጀታዎቿም ደርቀው ተጣብቀዋል። የቀረችው የቀኟ ብቻ ናት፣ እሷም ሕይወት ይኑራት አይኑራት አይታወቅም።

ስልኩ ደግሞ አለ። እትዬ በየምሽቱ "አኩራፊዋስ?" ትላለች፣ እኔ "አለች" እላለሁ። ነጣች ከማለት አለች ወደ ማለት መውረዴን አላስተዋለችም። ሁለተኛው ዓይኗ በተፈታ ማግሥት እየሳቀች ደወለች። የልጇ ፀጉር ግማሹ ሸብቷል፤ ልጇ ያላለችውን፣ ማንም ያልነገራትን፣ በዓይኗ አየች። "ለካ ሰው ሁሉ እየዋሸኝ ነው የኖረው" አለች። ሳቋ ረጅም ነበር። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ። "ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው፣ አንተን ቀጥዬ አይሃለሁ፤ አንተን አውቅሃለሁ" ብላ ዘጋች።

ያን ጊዜ ቆርጬ ወሰንኩ። ሁሉንም ያደረግኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ቀንበጧን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይህ ሐቅ ነው፤ የበፊቱንም እኔው ልሸከመው። ዓይኗን አግኝታ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው የገዛ እጇን ጥፋት እንዲሆን አልፈለግሁም። ከኔ ጋር መጣላት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ትለምደዋለች።

የመጣችው ልክ በሃያኛው ቀን ጠዋት ነው። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ታክሲው በር ላይ ሲያወርዳት ሻንጣዋን ለእኔ ሰጥታ፣ የደረጃውን መደገፊያ ሳትይዝ ወጣች። ከዚህ በፊት መደገፊያውን ሳትይዝ ስትወጣ ያየሁት መቼ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ስደርስባት በረንዳው ላይ መነጽሯን አውልቃ ዛፏ ፊት ቆማ ነበር። ቅጠሎቹን አየች፣ ቆርቆሮዋን አየች፣ ቀስ እያለች ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኳት" አልኩ። "በድሮ ጊዜ አንድ ቀን መስሎኝ... ልጅዋን እኔ ነኝ። ከዚያ ቀንበጧንም።"

ጣቷ ትንሿ ክብ ላይ አረፈች። "ይቺ ያንተ ናት" አለች። ከዚያ ጣቷ ወደ አሮጌው ጠባሳ ወጣች። "ይህ ግን የሦስት ክረምት ነው። ያን ክረምት አንተ እጅህ ተሰብሮ በጄሶ ነበር። መጋዙን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው የተቀመጡበት በርጩማ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የማንን ልጅ ሳሳድግ ነው የኖርኩት አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ሻንጣዋን እንደያዝኩ ቆምኩ። ማስቀመጥ እንዳለብኝ አልታየኝም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ጥርት ያለ ነበር፣ ልደበቅበት የምችል ቦታ አልነበረውም።

"ነጣች ትለኝ ነበር" አለች።

ሻንጣዋን መሬት አስቀመጥኩ።

"በየጸደዩ ጠየቅኩህ። እኔ ሳላይ ቆረጥኳት፤ አንተ እያየህ ነጣች አልከኝ።"

"ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው" አልኩ። ስናገረው እንዴት ቀሊል እንደሆነ ተሰማኝ። አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ያልሆነውን ሁሉ ይሆናል እያልኩ ስጨነቅ፣ የሆነውን በዓይኔ እያየሁ ምንም የለም ብዬ አልፌዋለሁ። ይህንንም ነገርኳት፣ እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ። እትዬ አላጽናናችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። ፌስታሉ ምንድነው አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ብርጭቆውን፣ ምላጩን፣ የግራዋን መጥቆር፣ የቀኟን አለመታወቅ። ስፌቱን ማን ገጠመው አለች። እኔ አልኳት። ጎንበስ ብላ በላስቲኩ ላይ ረጅም ጊዜ አየችው። መቼ አለች። ዛሬ ሃያኛው ቀን ነው አልኩ። ነክተሃታል ወይ አለች። አልነካሁም፤ ከማለዳው ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወጥቼ እጄ እምቢ ብሎኛል።

ፌስታሉን ራሷ ፈታች። የቀኟ ጭራሮ አልጠቆረችም፤ ግን አረንጓዴም አይደለችም፣ በመካከል ያለች ናት። ፊት ለፊት ያለችው የቅጠል እጀታ ስፒል የምታክል ቢጫ ሆና ቆማለች። እትዬ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ያንን ስንት ወር የጠበቀችውን፣ ስንት መንገድ የሄደችለትን ዓይን አጥብቃ ጨፈነች።

"እኔ አላይም" አለች። "አንተ እይና ንገረኝ። ያየኸውን።"

"እሺ እትዬ።"

"ያየኸውን ነው ያልኩህ።"

"ያየሁትን።"

ጣቷ እንደ ድሮው እየዳበሰች ሄዳ እጀታዋን አገኘች። የጥፍሯ ጫፍ ነካት። እኔ ከጣቷ አንድ ስንዝር ርቄ ተንበርክኬ ነበር። ብትጣበቅ ተጣበቀች እላለሁ ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ተጣበቀች የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ምን አየህ?" አለች።

አፈሩ ላይ አየሁ። ጭራሮዋን አየሁ። እንደገና አፈሩን አየሁ፤ እንደ ካውያው ሁሉ ዓይኔን አላመንኩትምና በጣቴ ዳበስኩት።

"ወደቀች፣ እትዬ።"

"ደስ እንዲለኝ ብለህ ነው?"

"አይደለም። ወድቃለች።"

አንሥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ጨበጠቻት፣ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።